ለማን እንደመረጥኩ አላውቅም

ማየት የተሳናት አንዲት አንባቢዬ ጽፋልኛለች። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ወንድሟ ክንዷን ይዞ ምርጫ ጣቢያ ይወስዳታል። ሚስጥራዊ ድምፅ መስጫው ውስጥ አብሯት ገብቶ ምልክቱን እሱ ያደርግላታል። «የነገርኩትን ይሁን የራሱን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብጠይቀው ጠረጠረችኝ ብሎ ይቀየመኛል» ትላለች።

እህቴ፣ ቢቀየም ይቀየም! ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ድምፅ የሚሰጠው በሚስጥር ነው ሲል ያንቺንም ይጨምራል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 29 እርዳታ ካስፈለገ ረዳቱን የሚመርጠው መራጩ ራሱ ነው ይላል። ወንድም ስለሆነ ብቻ የግድ እሱ አይገባም።

ለነገሩ ያለ ረዳት የሚመረጥበት መላም አለ። ጋና እ.ኤ.አ. በ2004 የተጠቀመችበትን ልንገርሽ። የምርጫው ወረቀት የሚገባበት ሽፋን ነው። በየዕጩው ትይዩ ቀዳዳ፣ አጠገቡ በጣት የሚዳሰሱ ነጥቦች አሉት። የዕጩዎቹን ተራ አስቀድሞ የሰማ ሰው ዳስሶ ይቆጥርና የፈለገው ቀዳዳ ላይ ምልክቱን ያደርጋል። ብሬል ማወቅ እንኳ አይጠይቅም። (ይሄ ምን ያህል ያስወጣል እንዴ?)

እስከዚያው ወንድምሽን ቡና አፍልተሽ ጥሪውና «ለሚቀጥለው ከጓደኛዬ ጋር ነው የምገባው» በይው። ለምን ካለሽ፣ «አንተስ ማንን እንደመረጥክ ነግረኸኝ ታውቃለህ?» ብለሽ ጠይቂው።