ልጆቹን አዳራሽ አታስገቧቸው

አሜሪካ ውስጥ በትልልቅ ሆቴሎች በሚካሄዱ የኩባንያ ጉባኤዎች ላይ አንድ የተለመደ ፕሮግራም አለ። ሠራተኞቹ በቡድን ይከፈሉና ያልተገጣጠመ የልጆች ብስክሌት ይሰጣቸዋል። ፔዳሉን፣ መሪውን፣ ኮርቻውን እየገጠሙ ይፎካከራሉ፤ ሙዚቃው ይደምቃል። በመጨረሻ የአዳራሹ በር ይከፈትና ችግረኛ ልጆች ይገባሉ። ብዙ ጊዜ ሠራተኞቹ ብስክሌቱ ለማን እንደሆነ የሚያውቁት ያኔ ነው። ጭብጨባ፣ ዕንባ፣ ፎቶ።

ዕንባው የውሸት ነው አልልም። ዓመቱን ሙሉ ሽያጭ ሲያሳድድ የከረመ ሰው ልቡ ቢነካ ምን ይገርማል? ብስክሌቱም የምር ብስክሌት ነው። ጠንቃቃ አዘጋጆች መካኒክ አስመጥተው ፍሬኑን ያስሞክራሉ፣ ብሎኑን ያስጠብቃሉ። ይህ ባይሆንማ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ በገጠመው ፍሬን ልጁን ቁልቁለት የሚለቅ ወላጅ ከየት ይገኛል!

የማይዋጥልኝ የበሩ መከፈት ነው። ያ ልጅ እዚያ የተጠራው ድሃ ስለሆነ ብቻ ነው። ሁሉም ይህን ያውቃል፤ እሱም ያውቃል። በማያውቃቸው ሰዎች ፊት መደሰት ይጠበቅበታል፤ የብስክሌቱን ቀለም ባይወደው እንኳ ፊቱን ማጥቆር አይችልም። ሰዎቹ በማግስቱ ወደየከተማቸው ይበራሉ፤ ፎቶው ግን ልጁ እስኪጎረምስ የኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

እኛ አገር ጨዋ ሰጪ ብሩን አጣጥፎ፣ ሰላም ሲል መዳፍ ውስጥ ያስጨብጣል። ተቀባዩም ሳያየው ኪሱ ይከታል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለተቀባዩ ክብር ነው። (እኛም ብንሆን ዘይትና ዱቄት ካሜራ ፊት ማስረከብ ለምደናል፤ በበዓል ዋዜማ ቴሌቪዥን የከፈተ ያውቀዋል።)

ስለዚህ ከብስክሌት መግጠሙ ይልቅ ሌላውን የኩባንያ በጎ ሥራ፣ ምግብ ማሸጉን፣ እመርጣለሁ። ራይዝ አጌንስት ሀንገር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በሚያዘጋጀው ፕሮግራም፣ ፀጉራቸውን የሸፈኑ ሠራተኞች ሩዝ፣ አኩሪ አተር፣ የደረቀ አትክልትና ቫይታሚን እየሰፈሩ ከረጢት ውስጥ ያሽጋሉ። አንድ ሺህ ምግብ በሞላ ቁጥር ደወል ይመታል። ደወሉ ይበዛል፤ ግን ተመጋቢው ልጅ አዳራሹ ውስጥ የለም፤ አመስግን የሚለውም የለም። እህሉን እዚያው ከሚበላበት አገር ገበሬ መግዛት አይሻልም ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እኔ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከሁለቱም የሚሻል ግን አለ። በ1999 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተመሠረተው ሴልስፎርስ የተባለ ኩባንያ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ለበጎ ሥራ በዓመት 7 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። 56 ሰዓት መሆኑ ነው። ቢሸነሸን በሳምንት አንድ ሰዓት ከአንድ ልጅ ጋር ቁጭ ብሎ ለማንበብ ዓመቱን ሙሉ ያዳርሳል፤ ይተርፋልም። ለዚህ አዳራሽ አይከራዩም፣ ፎቶ አንሺም አይጠሩም። ልጁም ደስ ባላለው ቀን ማኩረፍ ይችላል።