የእርጉዝ ሆድ በጀሶ፣ የጨቅላ ስም በየትኛው መዝገብ?

“ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል” ይላሉ አበው። ፈረንጅ አገር ግን ሆድን ራሱን በጀሶ ማውጣት ከተጀመረ ቆይቷል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ! አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ የልጅ ልጅ መውለጃዋ ሲቃረብ ሆዷን በጀሶ አስቀርፃ ፎቶውን በስልክ ላከችልኝ። እኔም ለአክስቴ ላሳይ ይዤው ውርጌሳ ሄድኩ። ውርጌሳ ከደሴ ወደ ወልድያ ሲኬድ፣ ውጫሌን አልፎ መርሳ ሳይደረስ መንገድ ላይ የምትገኝ የሐብሩ ወረዳ ከተማ ናት።

አክስቴ ስልኩን ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት። “ወይ ልጄን! ሆዷን ምን ሰበረው?” አሉ።

አልፈረድኩባቸውም። እኛ ጀሶን የምናውቀው በተሰበረ እግርና በቤት ኮርኒስ ላይ ነው። ባስ ሲልም “ከጤፍ ዱቄት ጋር ደባልቀው ሲያበሉን ተያዙ” ሲባል! “አልተሰበረችም እትዬ፣ ለማስታወሻ ነው” ብዬ አስረዳኋቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሆዷ በደንብ ቫዝሊን ይቀባል። ሐኪም ቤት ለስብራት የሚጠቀሙበት የጀሶ ፋሻ ውኃ እየነካ ይደራረብበታል። ሲጠነክር እንደ ቅል ተላቆ ይነሳል። የጨቅላ እጅና እግር ግን እርጥብ ጀሶ ውስጥ አይከተትም። ጀሶ ከውኃ ጋር ተዋህዶ ሲጠነክር ይግላል፤ ሥጋ እስከማቃጠል ይደርሳል። በ1999 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ለክፍል ሥራ እጆቿን ጀሶ ውስጥ ከታ አብዛኞቹን ጣቶቿን አጥታለች። ስለዚህ ለሕፃን በመጀመሪያ የጥርስ ሐኪሞች ልክ የሚወስዱበት፣ ከባሕር አረም የሚሠራ ለስላሳ ነገር ቅርጹን ይይዛል፤ ጀሶው የሚፈሰው እጁ ከወጣ በኋላ ነው። እና ማንም ተነስቶ የሕንፃ ጀሶ ገዝቶ በልጁ ላይ እንዳይሞክር!

አክስቴ ይህን ሁሉ ሰምተው ዝም አሉ። ቆይተው “እኔስ ያን ልጅ በምን ላስቀርጸው?” አሉ።

“ያ ልጅ” የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። በ1977ቱ ረሃብ ነው የሞተባቸው። ጥቅምት 1977 ቢቢሲ ያኔ የወሎ ከነበረችው ከኮረም የተነሳውን ፊልም ለዓለም አሳየ። ካሜራውን የያዘው መሐመድ አሚን ነበር። ከዚያ በፊት በ1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ አሳይቷል። ዓለም የወሎን ሕፃናት ምስል በየመዛግብቱ አስቀምጧል። ፍረዱ እንግዲህ! የልጁ ምስል ለንደን ሲቀመጥ እናቱ ቤት አንዲት ጨርቅ እንኳ የለችም።

እኛ ጀሶው ባይኖረን ስም አለን። አክስቴ ከዚያ በኋላ የወለዱትን ምትኩ አሉት። በየመንደሩ ያሉትን ምትኩን፣ ተካን፣ ካሳን፣ ማስረሻን ቁጠሯቸው። ከብዙዎቹ ኋላ አንድ የሞተ ልጅ አለ። የኋለኛው የፊተኛውን ቅርጽ ተሸክሞ ይኖራል።

“እርጉዝ ሆድን ማሳየት ለቡዳ መስጠት ነው፣ ቅንጦት ነው፣ ነውር ነው” የሚል አይጠፋም። እኔ ግን አልስቅባትም። ፈረንጆቹ ይህን የሚያደርጉት ለደስታ ብቻ አይደለም። ጨቅላዋ ለሞተባት እናትም ሐኪም ቤት ውስጥ የእጁንና የእግሩን አሻራ አንስተው የሚሰጡ አሉ። “ልጅ ነበረኝ” የምትልበት ምስክር እንዲኖራት ነው።

ለመሆኑ የእኛ እናት ምስክሯ ማነው? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደትና ሞት እንዲመዘገብ ደንግጎ፣ ያው ሕግ በቁጥር 3361 “ትእዛዝ እስኪወጣ ይቆይ” አለ። ቆየ! ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ ሄደ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ እንኳ አገር አቀፉ ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት የተመዘገቡት 3 ብቻ ነበሩ። ለግብርና ለማዳበሪያ ዕዳ ሲሆን ግን ስማችን ጠፍቶ አያውቅም!

አዋጁ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች፤ በክልሉ ብዙ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ተዘረፈ። በዚያ ወቅት በየጓዳው የተወለደው ልጅ 90 ቀኑን በየትኛው ቢሮ ይቁጠር? ከ2015 ክረምት ወዲህ በመጣው ሌላ ጦርነት መንገድ ሲዘጋ በቃሬዛ የወጣችውስ? በ2011 ዓ.ም. በተደረገ ጥናት በአገሪቱ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ጥናቱ ቆጠራቸው እንጂ ስማቸውን ማን ጻፈው?

እኔ መንግሥት ጀሶ ያድል አላልኩም። መጀመሪያ እናትየዋ በሰላም ትገላገል፤ መንገዱ ይከፈት፣ አዋላጇ መድኃኒትና ጓንት ትያዝ። ቀጥሎ ልጁ እዚያው በተወለደበት ይመዘገብ። ሲሞትም የሕፃኑ እግር ቀለም ነክቶ ካርድ ላይ ይታተምና እናቱ ከፈለገች ይሰጣት። በጀት የለም እንዳትሉን! ለማኅተሙ የሚሆን ቀለም ያጣ ቀበሌ እስከዛሬ አላየሁም።

አክስቴ ስልኩን ሲመልሱልኝ “በሰላም ትገላገል፣ ጀሶውንም ታስቀምጠው” አሉ። እኔም ይህንኑ እላለሁ። ለእርሳቸው ለራሳቸው ግን የቀራቸው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ምትኩ።

ልብ ያለው ልብ ይበል!