የ37 ግራም ውድድር፦ ቀላል ፔዳል ለማን ነው የሚጠቅመው?

በመንገድ ብስክሌት ገበያ «ቀላል» የሚለውን ቃል ያህል ገንዘብ የሚያስወጣ ቃል የለም። ፍሬሙ ቀላል፣ ጎማው ቀላል፣ ኮርቻው ቀላል፤ በመጨረሻም ፔዳሉ ቀላል። ዋጋው ግን በዚያው ልክ ይከብዳል።

ጉዳዩ የሀብታም አገር ሰዎች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ መጻፍም ባላስፈለገ። ነገር ግን ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወስዷል። በ2025 ደግሞ የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ተካሂዷል። ይህን ያየ ወጣት ውጭ አገር ላለ ዘመዱ «ፔዳል ላክልኝ» ቢል አይገርምም። ዘመድም ልቡ ደግ ነውና አቅሙ የፈቀደውን ያህል ቀላልና ውድ የሆነውን ይመርጣል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ እንይ ለሚል፦ ከጫማው ሥር በቡሎን የሚታሰር «ክሊት» የተባለ ቁራጭ አለ። ፔዳሉ ይህን ክሊት በሞላ ነክሶ ይይዘዋል፤ ብስክሌተኛው ተረከዙን ወደ ውጭ ሲያዞር ይለቀዋል። ዘዴው የመጣው ከበረዶ ሸርተቴ ነው። ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ተንሸራታቹ ሲወድቅ እግሩን የሚለቅ ማሰሪያ ይሠራ ነበር፤ በ1984 ያንኑ ሐሳብ ወደ ብስክሌት አመጣው። በዓመቱ ቤርናር ኢኖ በዚሁ ፔዳል ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ። ከዚያ በፊት እግር በብረት ቅንፍና በጠፍር ታስሮ ነበር የሚነዳው። እንግዲህ ፔዳሉ ሲፈጠር ጥያቄው እግር እንዴት በደህና ይያዝ፣ እንዴት በደህና ይለቀቅ የሚል ነበር። ግራም ኋላ የመጣ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በሺማኖ ዝርዝር መሠረት 105 የተባለው ፔዳል (አር7000) ጥንዱ 265 ግራም፣ አልቴግራ (አር8000) 248፣ ዱራ-ኤስ (አር9100) 228 ግራም ይመዝናል። የሦስቱም አካል የካርቦን ድብልቅ ነው። ከታችኛው እስከ ላይኛው ያለው ልዩነት 37 ግራም ሲሆን ዋጋው ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል። በስፒድፕሌይ በኩል ዜሮ የተባለው 222 ግራም፣ ቲታኒየም ፔርኖ ያለው ናኖ 168 ግራም ነው። እዚህም 54 ግራም ለመቀነስ ዋጋው እጥፍ ገደማ ይሆናል።

37 ግራም ምን ያመጣል? ነጂው፣ ብስክሌቱና ውሃው በድምሩ 75 ኪሎ ቢመዝኑና ዳገቱ አንድ ሙሉ ሰዓት ቢፈጅ፣ 37 ግራም መቀነስ የሚያተርፈው ከ2 ሰከንድ ያነሰ ነው። ከ105 ወደ ናኖ ቢዘለል እንኳ ትርፉ 5 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ያውም ዳገት ላይ። ሜዳ ላይ ልዩነቱ አይታይም። 37 ግራም ማለት እኮ ከኮዳው አንድ ጉንጭ ውሃ ማለት ነው።

«ፔዳል የሚዞር ዕቃ ስለሆነ ክብደቱ እጥፍ ይቆጠራል» የሚል ክርክር አለ። ለጆሮ ደስ ይላል፣ ሚዛን ግን አይደፋም። ፔዳል የሚዞረው በትንሽ ክብ፣ በደቂቃ 90 ጊዜ ገደማ ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣልና ክብደታቸው እርስ በርስ ይመዛዘናል።

ሌላም የተደበቀ ነገር አለ። ማስታወቂያው የሚመዝነው ፔዳሉን ብቻ ነው። በስፒድፕሌይ የሚነክሰው መሣሪያ ያለው ፔዳሉ ላይ ሳይሆን ክሊቱ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ክሊቱ ከሌሎቹ ይከብዳል። ፔዳሉ ሚዛን ላይ ቀለለ የተባለው ከፊሉ ሸክም ወደ ጫማው ስለዞረ ነው። በዚያ ላይ የዓለም አቀፉ ብስክሌት ማኅበር ሕግ ለውድድር የሚቀርብ ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ እንዳያንስ ይከለክላል። ብስክሌቱ እዚያ ወለል ላይ ከደረሰ፣ ከፔዳል የተቀነሰው ግራም በሌላ ቦታ ተመልሶ መጨመር አለበት።

ታዲያ ምን ይታይ? ጉልበት። በደቂቃ 90 ጊዜ የሚያዞር ሰው በ4 ሰዓት ልምምድ እያንዳንዱን ጉልበቱን 21,600 ጊዜ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ክሊቱ ጠማማ ከታሰረ ወይም ለእግር መላወሻ ካልሰጠ፣ ያ ስህተት 21,600 ጊዜ ይደገማል። የመላወሻው መጠን በክሊቱ ቀለም ይታወቃል፤ እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። በሺማኖ ቢጫው 6 ዲግሪ፣ ሰማያዊው 2 ዲግሪ ያላውሳል፤ ቀዩ ፈጽሞ አያላውስም። በሉክ ኬኦ ግን ቀዩ 9 ዲግሪ፣ ግራጫው 4.5 ዲግሪ ነው፤ የማያላውሰው ጥቁሩ ነው። «ቀዩን ላክልኝ» ያለ ሰው የፔዳሉን ስም ካልጨመረ የሚደርሰው የተመኘው ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። ስፒድፕሌይ ዜሮ በበኩሉ ከ0 እስከ 15 ዲግሪ ራስ የሚያስተካክሉት መላወሻ አለው፤ በሁለቱም ፊቱ ይነክሳል። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይህ ከየትኛውም ግራም የሚበልጥ ምክንያት ነው።

ከጉልበት ቀጥሎ የመለዋወጫ ጉዳይ ይመጣል። ፔዳል ዓመታት ይቆያል፤ የመንገድ ክሊት ግን ፕላስቲክ ነው፣ ያልቃል። የሚበላው ደግሞ በመንዳት ሳይሆን በመራመድ ነው። በኮብልስቶንና በጠጠር ላይ ብስክሌቱን እየገፋ የሚራመድ ወጣት ክሊቱን ቶሎ ይጨርሳል። የሺማኖና የሉክ ክሊቶች ሁለቱም በሦስት ቡሎን ይታሰራሉ፣ ሲያዩአቸውም ይመሳሰላሉ፤ ግን አንዱ በሌላው ፔዳል አይሠራም። ውድ ፔዳል ኖሮት ክሊት ያጣ ሰው ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ነው። 300 ዶላር ያወጣ ዕቃ ሁለት ቁራጭ ፕላስቲክ ጠፍቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

ለክለቦችም ትምህርቱ ያው ነው። አንድ ቡድን በእርዳታ አራት ዓይነት ፔዳል ከሚሰበስብ አንድ ዓይነት ቢመርጥ ጫማ፣ ክሊትና ትርፍ ብስክሌት መበዳደር ይቻላል። በውድድር መሐል ብስክሌቱ የተበላሸበት ልጅ የጓደኛውን ወስዶ መቀጠል የሚችለው ፔዳሉ ከጫማው ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። እዚያ የሚተርፈው ሰከንድ ሳይሆን ደቂቃ ነው።

ቀላል ፔዳል ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ዱራ-ኤስ በኩሽኔታው ጥራት የተመሰከረለት ነው፤ ዕቃ በነፃ ለሚቀርብለትና በሰከንድ ለሚሸነፍ ባለሙያ 5 ሰከንድም ሰከንድ ነው። ግን እያንዳንዱ ዶላር በስንት መከራ ለሚገኝበት ጀማሪ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው፦ መጀመሪያ እግሩን በልኩ የሚይዝ ጫማ፣ ቀጥሎ በአካባቢው ክሊቱ የሚገኝ መካከለኛ ፔዳል፣ ከዚያ ትርፍ ክሊት። በከተማ ውስጥ ብዙ ለሚራመድ ደግሞ በሁለት ቡሎን የሚታሰረው የተራራ ብስክሌት ዓይነት ይሻላል፤ ክሊቱ ብረት ነው፣ ጫማው ሶል ውስጥ ስለሚገባም እንደልብ ያራምዳል።

ስለዚህ ከዋሽንግተንም ሆነ ከዱባይ ፔዳል ሊልክ ያሰበ ዘመድ ከመግዛቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ጫማው ስንት ቡሎን ይቀበላል? የቡድን ጓደኞቹ የሚነዱት በየትኛው ነው? ጉልበቱን ያመዋል ወይ? መልሱን ሲያገኝ መካከለኛውን ይግዛና በተረፈው ገንዘብ ሁለት ጥንድ ክሊት ሻንጣው ውስጥ ይጨምር።