ሦስተኛው ሳጥን

በዚህች አገር ስለ ትምህርት በተወራ ቁጥር አንድ የማያረጅ ምኞት ብቅ ይላል። ምኞቱ ሲፈታ እንዲህ ነው፦ መምህሩን ከማሻሻል መምህሩን ዘሎ ማለፍ ይቀላል። በግልጽ የሚናገረው የለም፤ ነውር ነዋ! ግን ሳጥን በተገዛ ቁጥር፣ ሪባን በተቆረጠ ቁጥር፣ የቴክኖሎጂና የጥራት ነገር የተጻፈበት ባነር በተሰቀለ ቁጥር ከጀርባ የምንሰማው እሱኑ ነው። አሁን ደግሞ ልጆች ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ኮምፒውተር ሳይንስና ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በአራዶቹ አጠራር ኤአይ፣ ይማሩ የሚል ወሬ ደምቋል። ይማሩ! እኛም «ይማሩ» ባዮች ነን። ጥያቄያችን አንድ ናት፦ ማን ያስተምራቸው?

ይህን የምንጠይቀው መንቀፍ አምሮን አይደለም። እኛ የፕላዝማ ልጆች ነን። ፕላዝማ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ታናናሾቻችን ባጭሩ እንንገራችሁ። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት ጀመረ። ትምህርቱ የተዘጋጀው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ስክሪኑ የብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይከፈታል። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል፤ መሀል ያለው የክፍለ ጊዜው ሥጋ የስክሪኑ ነው። ስክሪኑ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ከዚያ አድንቆን ያልፋል። ማን መልሶለት? እኛ ገና ጥያቄውን ወደ አማርኛ እየመለስን ነበር። መብራት የጠፋ ቀን ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል።

ፕላዝማ ምንም ጥሩ ነገር አልነበረውም አንልም። ላብራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይናችን ያየነው በሱ ነው። ነገር ግን መምህሩን የቁልፍ ያዥ አደረገው። ተማሪ ሳይገባው ሲቀር ፊቱን አይቶ የሚያቆም፣ ምሳሌ የሚቀይር፣ «እስኪ አንተ ና ሥራው» የሚል ሰው ነበረን፤ እሱን ዳር አስቀምጠን የማያየንን ነገር ፊት ለፊት አቆምን። የመጀመሪያው ሳጥን ይህ ነው።

ሁለተኛው ሳጥን ይብሳል። በ2004 ዓ.ም. «ለአንድ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ላሉ ሁለት መንደሮች ታብሌት አመጣ። በየመንደሩ ሃያ ያህል ፊደል ያልቆጠሩ ሕፃናት ነበሩ። ታብሌቶቹ ከነካርቶናቸው ተሰጡ፤ መምህር የለም፣ መመሪያ የለም። ሐሳቡ ልጆች ያለ አስተማሪ ማንበብ ይችሉ እንደሆነ ማየት ነበር። በዓመቱ የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ለዓለም አወራ፦ አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ዘመሩ፤ በአምስት ወር ተቆልፎ የነበረውን ካሜራ ከፈቱ። ዓለምም አጨበጨበ።

እኛ ግን እንጠይቃለን፤ የወንጪ ልጅ ብልህ መሆኑን ለማወቅ ታብሌት ያስፈልግ ነበር እንዴ? እናቱ ታውቃለች! ካሜራ መክፈት ብልሃት ነው፤ ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው። ይኸው ድርጅት የሠራውን ላፕቶፕ ከሁሉም አገር አብልጣ የገዛችው ፔሩ ናት፤ ከ800 ሺህ በላይ። በ2004 ዓ.ም. በዚያች አገር 319 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ያነጻጸረ ጥናት ወጣ። ውጤቱ? ላፕቶፕ ያገኙት ልጆች በሒሳብም በቋንቋም ካላገኙት የተሻሉ ስለመሆናቸው ማስረጃ አልተገኘም። ላፕቶፑ አልጠፋም። የጠፋው ላፕቶፑን ከትምህርቱ ጋር የሚያገናኘው ሰው ነው።

እንግዲህ ሦስተኛው ሳጥን መጣ። ይህኛው ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፤ ኪስ ውስጥ ነው። «መምህር ለምን ታሠለጥናላችሁ? ኤአይ ራሱ ያስተምራቸው የለ?» የሚሉ ወዳጆች አሉን። በቅንነት ነው የሚሉት። ግን እስኪ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አስቡ። ይህ መሣሪያ ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል የሚገምት ነው። ልክ ሲሆንም ሲሳሳትም በአንድ ዓይነት ልበ ሙሉነት ነው የሚናገረው። በአማርኛ የተማረበት ጽሑፍ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ልጁ «እውነት ነው?» ብሎ ማንን ይጠይቅ? እቤት ያለችው እናቱ የቀን ሥራ ውላ የመጣች ናት። የቀረው መምህሩ ነው። መምህሩ ደግሞ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማንም ነግሮት የማያውቅ ከሆነ፣ ወይ «እሱ ካለ ልክ ነው» ይላል፣ ወይ «ሁለተኛ እንዳትነካው» ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም ማስተማር አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የምታነሱ አላችሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያና የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የጀመሩት ይህ ፕሮግራም በሦስት ዓመት ለአምስት ሚሊዮን ሰው በኦንላይን ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስና ኤአይ ለማስተማር የታሰበ ነው። ጥሩ ነው፤ ምቀኛ አይደለንም። ሰርተፍኬታችሁን ለጥፋችሁ ስናይ እኛም ላይክ አድርገናል። ግን ኮርሱን የጨረሳችሁት ስልክ ስለነበራችሁ ብቻ ነው? አንድ ቀን አንድ መምህር ክፍልፋይን በብርቱካን ከፋፍሎ ስላሳያችሁ ነው። ኦንላይን ኮርስ መሠረት ያለውን ሰው ያሳድጋል፤ መሠረቱን ግን አይጥልም።

«ታዲያ ወንበርና ውኃ የሌለው ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ሳይንስ ምን ያደርግለታል?» የሚለውን ክርክርም እናውቀዋለን። ተከራካሪዎቹ ማስረጃም አላቸው። በ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ናቸው። ማንበብና ማስላት ሳይቆም ኤአይ ቅንጦት ነው ይላሉ። መልሳችን እንዲህ ነው፦ ኮምፒውተር ሳይንስ ማለት ኮምፒውተር ማለት አይደለም። ለሦስተኛ ክፍል ልጅ የሚሰጠው ኮምፒውተር ሳይንስ ሒሳብና ቋንቋ ነው፤ በቅደም ተከተል ማሰብ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲው ቲም ቤልና ጓደኞቹ ከ1990ዎቹ ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ያለ አንዳች ኮምፒውተር፣ በካርድና በገመድ በጨዋታ የሚሰጥ ትምህርት አዘጋጅተው ለዓለም በትነዋል።

በእኛ አገር ደግሞ ካርድ እንኳ አያስፈልግም። የጠዋት ሰልፍ አለ። «በቁመት ተሰለፉ» በሉ፤ ግን አንድ ሕግ ጨምሩ፦ ማንም ከጎኑ ካለው ጋር ብቻ ይለካካ፣ ረጅሙ ወደ ኋላ ይለፍ፣ የሚቀያየር እስኪጠፋ ድረስ ይቀጥል። ልጆቹ አሁን አንድ አልጎሪዝም ሠሩ፤ ዩኒቨርሲቲ ባብል ሶርት እየተባለ የሚማሩትን።

ሌላም አለ። 13ን በ24 ለማባዛት 13ን እያጋመሳችሁ፣ ትርፉን እየጣላችሁ ወደ ታች ጻፉ፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። ከጎኑ 24ን እያጠፋችሁ ጻፉ፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። ከግራ ተጋማሽ ቁጥር የሆነውን 6ን ከጎኑ ካለው 48 ጋር ሰርዙ። የቀሩትን ደምሩ፤ 24፣ 96 እና 192፣ 312 ይሆናል። በፈረንጅ የፕሮግራሚንግ ገጾች ይህ ዘዴ «የኢትዮጵያ ማባዣ» ይባላል! ምስጢሩ 13 ማለት 8 እና 4 እና 1 መሆኑ ነው፤ ኮምፒውተርም ቁጥርን የሚይዘው እንዲሁ በእጥፍ በእጥፍ ከፋፍሎ ነው።

ኤአይስ? ቅጠል ሰብስቡ። አንዱን ልጅ ዓይኑን አስጨፍናችሁ አቆዩትና የተቀሩት ምሳሌ ይምረጡለት። «ይህ የጌሾ ነው፣ ይህ አይደለም» እያላችሁ አሳዩት፤ ሆን ብላችሁ ግን ትልልቅ የጌሾ ቅጠል ብቻ። ከዚያ ትንሽ የጌሾ ቅጠል ስጡት። «አይደለም» ቢል አትሳቁበት፤ ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የምሳሌዎቹ ነው። ማሽን ከምሳሌ እንዴት እንደሚማርና ለምን እንደሚያዳላ በአንድ ክፍለ ጊዜ ገባቸው ማለት ነው። ወጪው ስንት ብር ነው?

«እንዲህ ቀላል ከሆነ ሥልጠናው ለምን?» ካላችሁ ዋናው ነጥብ እዚህ ነው። ሣር ቅጠሉ ቀላል ነው፤ ከባዱ ልጁ «ለምን?» ሲል የሚመጣው ነው። «6 ለምን ተሰረዘ?» ብሎ የጠየቀን ልጅ የሁለትዮሽ ቁጥርን የማያውቅ መምህር የሚመልስለት የለም፤ ማባዣው አስማት ሆኖ ይቀራል። ማሽን በቀነሰ ቁጥር መምህሩ ማወቅ ያለበት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሀብታም አገርም ይህን ዘሎ አላመለጠም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ኮምፒውቲንግን ከአምስት ዓመት ልጅ ጀምሮ ግዴታ አደረገች። ሥርዓተ ትምህርቱ ቀደመ፤ መምህሩ ተከተለ። በ2017 ሮያል ሶሳይቲ ባወጣው ሪፖርት ትምህርቱ ከቦታ ቦታ የሚለያይና መሠረቱ ያልጸና እንደሆነ ጻፈ። በ2018 መንግሥት 84 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ መምህራንን የሚያሠለጥን ብሔራዊ ማዕከል ከፈተ። አራት ዓመት ጋሪው ከፈረሱ ቀድሞ ማለት ነው። እነሱ ስህተታቸውን የሚያርሙበት ገንዘብ ነበራቸው። እኛስ?

ሥልጠና ስንል ደግሞ የምናውቀውን ሥልጠና ማለታችን አይደለም። ሦስት ቀን፣ አዳራሽ፣ ፓወርፖይንት፣ ሻይ ቡና፣ አበል፣ የቡድን ፎቶ። መምህሩ ሰኞ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ከሥልጠናው የተረፈው ሰርተፍኬትና ብዕር ነው። ከዚያም «ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ» በሚባለው ፋይል ውስጥ አንድ ወረቀት ይጨመራል። ይህ እንዲቀጥል ከሆነ ብሩን ለወንበር ያድርጉት፤ ከምራችን ነው።

እኛ የምንለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ መምህራን ኮሌጆች። ነገ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል የሚያስተምረው ዛሬ እዚያ ቁጭ ብሏል፤ «ዎርድና ኤክሴል» ተምሮ ከሚወጣ አልጎሪዝምን ለሕፃን ማስረዳት ተምሮ፣ ተለማምዶ፣ ተፈትኖ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ክረምት። መምህር በክረምት ተምሮ ደረጃውን ማሻሻል በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ሁለት ክረምት ይማር፤ በመሀል ባለው ዓመት በጉድኝት ማዕከሉ ከአጎራባች ትምህርት ቤት ባልደረቦቹ ጋር እየተገናኘ ያስተማረውን ያሳይ፣ ያልሠራለትን ይጠይቅ። የተማረበትም በደመወዙና በእርከኑ ላይ ይታሰብለት። በትርፍ ሥራ ቤተሰቡን የሚደጉም ሰው «ለሙያ ፍቅር» እያላችሁ ክረምቱን አትውሰዱበት። ሦስተኛ፣ ቋንቋ። ልጁ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ እየተማረ መምህሩን በእንግሊዝኛ ስላይድ ማሠልጠን የፕላዝማን ታሪክ መድገም ነው።

ይህ ካልሆነ የሚሆነውን ከአሁኑ ማየት ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ የግል ትምህርት ቤቶች በር ላይ የኮዲንግና የሮቦቲክስ ባነር ተሰቅሏል። እዚያ ያለው ልጅ ይማራል፤ ይማርም። ከአጥሩ ማዶ የመንግሥት ትምህርት ቤት ያለችው እኩያው ግን ስለ ኤአይ የምታውቀው ከቲክቶክ ይሆናል። ከአሥር ዓመት በኋላ አንዱ ማሽኑን ያዛል፤ ሌላዋ ማሽኑ የወሰነላትን ትቀበላለች፤ ብድር ተከለከልሽ ስትባል፣ ሥራ አላለፍሽም ስትባል፣ ለምን ብላ መጠየቅ እንደሚቻል እንኳ ሳታውቅ። ለዚህ ነው ነገሩ የሚያንገበግበን።

በሶፍትዌር እንጀራ የምትበሉ አንባቢዎቻችን፣ አሮጌ ኮምፒውተር ጭናችሁ ወደ ተማራችሁበት ትምህርት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት መምህራኑን «በዚህ ክረምት ሳምንት ሁለት ቀን አብረን እንሥራ?» ብላችሁ ጠይቁ። በጀት የምትመድቡም ሰዎች፣ ሰነዱ ላይ የዕቃውን ግዥ ከመፈረማችሁ በፊት የመምህሩ ሥልጠና ስንተኛ ገጽ ላይ እንዳለ ፈልጉ። ከሌለ አትፈርሙ።