ጀበናው ሥር የማን ስም አለ?

ጎበዝ፣ እስቲ ካሜራንና ሸክላን እናስተያያቸው።

ሚካኤል ፀጋዬ በአዲስ አበባ የሠለጠነ ሠዓሊ ነበር፤ የዘይት ቀለም አለርጂ ሲያመጣበት ካሜራ አነሣ። መቃብር ላይ ተለጥፈው ፀሐይና ዝናብ የበላቸውን የሟቾች ምስሎች መልሶ ፎቶ አነሣቸው። ፊቱ ጠፍቶ ንቃቃቱ ብቻ ሲቀር፣ ንቃቃቱ ራሱ ሥዕል ሆነ። ይህን ሥነ ጥበብ ለማለት ማናችንም አላንገራገርንም።

ሸክላ ላይ ስንደርስ ግን እንንተባተባለን። በ1950 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ የተወለደችው ማግዳሊን ኦዱንዶ በ1970ዎቹ ናይጄሪያ ሄዳ፣ ከአቡጃ አካባቢ ሴት ሸክላ ሠሪዎች ጭቃን ያለ ማሽከርከሪያ በእጅ ማነጽ ተማረች። ዛሬ ሥራዎቿ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ታዲያ የኛዋ ጀበና ሠሪስ? እሷም ጭቃዋን ረግጣ፣ በእጇ አንጻ፣ በድንጋይ አለስልሳ፣ ሜዳ ላይ በእሳት ትተኩሳለች።

እኛ ግን “ሸክላ ሠሪ” የሚለውን ስድብ አድርገነው ኖርን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ስድቡ ግን አዋጁን አልሰማም።

ዛሬ አፍ አውጥተን አንሰድብ ይሆናል። ስም መንፈግስ ከስድብ በምን ይሻላል? ፎቶው ሥር የአንሺው ስም ይጻፋል፤ ጀበናው ሥር ግን “ባህላዊ” ተብሎ ይታለፋል። ባህል ጭቃ አይረግጥም፤ የምትረግጠው ሴት ናት። ጋለሪዎቻችን ስሟን ይጻፉ። እኛም ዋጋ ከመከራከራችን በፊት “ስምሽ ማን ነው?” እንበል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?