ሊጠይቅ መጥቶ የከረመ ባል

እኛ መምህራን ወላጅ ሲመጣ ስለ ልጁ ውጤት ሊጠይቀን ነው ብለን እንጠብቃለን። በስደት ግን ብዙ ጊዜ ወላጁ ከቦርሳው የሚያወጣው የልጁን ካርድ ሳይሆን የኬዙን ወረቀት ነው። የዛሬው ጨዋታችንም በዚሁ ላይ ነው። ውጭ አገር ያለው ባል ሊጠይቅ መጥቶ ሲቆይ፣ ወይም ፈቃድ ያገኘችው ሚስት ተመልሳ ስትከርም፣ በቋሚ መኖሪያ ፈቃዱ ላይ ምን ያመጣል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ ከመነሳቱ በፊት ካርቱም፣ ደይም ሰፈር አስተምር ነበር። የሁለት ተማሪዎቼ አባት እ.ኤ.አ. በ2018 በሪሴትልመንት ካናዳ ገባ። ሚስቱንና ልጆቹን ፎርሙ ላይ አስመዝግቦ ነው የሄደው። እንዲህ ያስመዘገበ ሰው ካናዳ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ካመለከተ ቤተሰቡን በዚያው በስደተኛነቱ መስመር ማስከተል ይችላል። እሱ ግን ሥራ ስፈልግ፣ ቤት ኪራይ ስከፍል ሲል ዓመቱ አለፈው። በኋላ ሚስቱን በትዳር ስፖንሰር አደረገና ማመልከቻ አስገባ። በ2022 መጨረሻ ናፍቆቱን አልቻለውም፤ ካርቱም መጣ። የዚያን ሰሞን ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ፊታቸው ሁሉ ጥርስ ነበር።

ሁለት ወር የተባለው አራት ወር ሞላ። አንድ ቀን እናትየው መጥታ፣ «መምህር፣ ባለቤቴ ኬዙ እስኪያልቅ እዚሁ ልቆይ፣ ከዚያ አብረን እንሄዳለን ይላል። አብሮን መኖሩ ትዳራችን የእውነት መሆኑን አያሳይልንም ወይ?» አለችኝ።

ጥያቄዋ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ባል መጥቶ መጠየቁ በእርግጥ ማስረጃ ነው። ትኬቱ፣ የመግቢያና የመውጫ ማህተሙ፣ ፎቶው ሁሉ ይረዳል። ግን ሕጉ ሌላም ነገር ይፈልጋል። ስፖንሰሩ ዜጋ ያልሆነ ቋሚ ነዋሪ ከሆነ፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ ኑሮው ካናዳ ውስጥ መሆን አለበት። ለአጭር ጊዜ ሊጠይቅ ቢወጣ ችግር የለውም። ቤቱን ለቆ፣ ሥራውን ትቶ ውጭ ከተቀመጠ ግን ስፖንሰር የመሆን መብቱን ያጣል፤ የሚስቱም ማመልከቻ አብሮ ይወድቃል። ዜግነት ያገኘ ሰው ግን ውጭ እየኖረም ሚስቱን ስፖንሰር ማድረግ ይችላል። እሱ ማሳየት ያለበት፣ እሷ ፈቃዱን ስታገኝ እሱም ካናዳ ገብቶ እንደሚኖር ነው።

ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃል ጻፍኩላት፤ «መጠየቅ» እና «መቀመጥ»። መጠየቁ ይጠቅማል፣ መቀመጡ ይጎዳል አልኳት። «እንግዲያው ሂድ ልበለው?» አለችኝ። «አዎ እህቴ፣ በጊዜ ይመለስ» አልኳት።

ባልየው ራሱ በማግስቱ መጣ። «እሺ እመለሳለሁ፤ ታዲያ መንገዴን በአዲስ አበባ አድርጌ እናቴን ልይ? ፓስፖርቴንስ ኤምባሲ ላሳድሰው?» አለኝ። እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። በስደተኛነት ፈቃድ ያገኘ ሰው የሸሸውን አገር ፓስፖርት አሳድሶ ቢጓዝበት፣ ይባስ ብሎ ወደዚያው አገር ቢገባ፣ የአገሩን ጥበቃ መልሶ ተቀብሏል ተብሎ ስደተኛነቱ ሊነሳበት ይችላል። ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2012 ወዲህ ስደተኛነቱ በዚህ ምክንያት የተነሳበት ሰው ቋሚ ነዋሪነቱንም አብሮ ያጣል። ካናዳ በሰጠችው የስደተኛ ትራቭል ዶኩመንት ካርቱም መጥቶ ቤተሰቡን መጠየቁ ሌላ ነው፤ ሱዳን የሸሸው አገር አይደለችምና።

ሰውየው ሰማኝ። በማርች 2023 ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሳ። እናትየው ሁለቱን ልጆች ይዛ ወደ ወድ መደኒ ሸሸች። በዲሴምበር 2023 ፈጥኖ ደራሹ ጦር መደኒ ሲገባ ደግሞ ወደ ገዳሪፍ። ካምፕ ውስጥ ስንገናኝ ሰላምታዋ ይህ ነበር፤ «ባሌን ያስመለሱብኝ እርስዎ ነዎት። እኔ ልጆቼን በዚያ ሁሉ መንገድ ብቻዬን ሳሸሽ ነበር።»

መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ሕጉን በትክክል ነግሬያታለሁ፤ ግን ያን መንገድ የሄደችው እሷ ናት። ይሁንና ባልየው ካናዳ ስለተገኘ ኬዟ አልወደቀም፣ እስከ ዛሬ ክፍት ነው። እሷም ይህን ታውቃለች። ሰሞኑን ተመልሳ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ተራዬ ደርሶ ስሄድ እናቴን እዚህ ትቼ ነው። ተመልሼ ባስታምማት ወረቀቴን ይወስዱብኛል?» ስትል ጠየቀችኝ።

ይህኛው ሂሳብ ነውና ከልጆቿ ጋር ሠራነው። የካናዳ ሕግ ቋሚ ነዋሪ በ5 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 730 ቀን ካናዳ እንዲገኝ ያዛል። 365 በ5 ሲባዛ 1,825 ነው። ከዚያ 730 ሲቀነስ 1,095 ይቀራል። አዲስ የገባች ሚስት በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ውጭ የምትሆንበት ቀን ተደምሮ ከዚህ ካላለፈ፣ በቀን ማነስ ፈቃዷን አታጣም። ቀኖቹ ተከታታይ መሆን የለባቸውም። ሦስት ወር ሄዶ እናትን ማስታመም ከዚያ ላይ 90 ቀን ያህል ይወስዳል እንጂ ወረቀት አያስነጥቅም።

ሦስት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ የባል ቀን ለሚስት አይቆጠርላትም፤ የእሷ ቆጠራ የሚጀምረው ቋሚ ነዋሪ ሆና በገባችበት ቀን ነው። ሁለተኛ፣ ባልና ሚስት ውጭ አብረው ሲኖሩ ቀኑ እንደ ካናዳ ቀን የሚታሰብላት ባልየው ዜጋ ከሆነ ነው። እሱም እንደ እሷ ቋሚ ነዋሪ ብቻ ከሆነ፣ አብረው ስለኖሩ ብቻ አይታሰብም። ሦስተኛ፣ ለዜግነት ሲሆን ያው ቁጥር ይገለበጣል፤ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 5 ዓመታት 1,095 ቀን ካናዳ ውስጥ መገኘት ያስፈልጋል። ውጭ የከረመ ሰው ፈቃዱን ባያጣ እንኳ ዜግነቱ ይዘገይበታል።

አሜሪካ ባል ወይም ሚስት ላላችሁ አንድ ቃል ልጨምር። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ከአንድ ዓመት በላይ የሚቆይ ከሆነ ሳይወጣ በፊት፣ እዚያው እያለ የመመለሻ ፈቃድ ማመልከት አለበት። ነዋሪነቱን ትቷል ተብሎ ካርዱን ካጣ፣ ለትዳር ጓደኛው ያስገባው ማመልከቻም አብሮት ይወድቃል።

እንግዲህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። አንድ ደብተር ግዙ። የወጣችሁበትን ቀን፣ የገባችሁበትን ቀን፣ ምክንያቱን ጻፉ። ትኬቱን አትጣሉ። ባላችሁ ወይም ሚስታችሁ ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት መመለሻቸውን ጠይቁ። ቀን አስተካክልልሃለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ውሸቱን ነው፤ የካናዳ የማመልከቻ ፎርም በነፃ ይገኛል፣ የዩኤን አገልግሎትም አይሸጥም።

እናትየው ደብተሯን ይዛለች። የመጀመሪያውን ገጽ ትልቁ ልጇ በእጁ አስምሮላታል፤ ገና ምንም አልተጻፈበትም። የሚጻፍበትን ቀን ያቅርብልን።

ቸር ያሰማን።