አያቶችን ለትምህርቱ እንጥራ

በዋሽንግተንና አካባቢው የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች አዲስ አበባ ያሉ አያቶቻቸውን በዋትስአፕ ያያሉ። ጥሪው ግን ብዙ ጊዜ ከ«ደህና ነሽ? ትምህርት እንዴት ነው?» አያልፍም። ልጅቷ አማርኛው ሲያጥራት ስልኩን ለእናቷ ታቀብላለች፤ አያትም «ተባረኪ ልጄ» ብለው ይሰናበታሉ። ፍቅሩ አለ። የጠፋው አብረው የሚሠሩት ነገር ነው።

እንቆቅልሽን እንውሰድ። አያት ይጠይቃሉ፣ ልጅቷ «ምን አውቅልሽ» ትላለች፤ መልሱ ከጠፋት አገር ትሰጣለች። ተራ የያዘ ጨዋታ ስለሆነ ኔትወርኩ ቢቆራረጥ እንኳ ከቆመበት ይቀጥላል። ጎንደርን ወይም ጅማን ስትሰጥ ቦታውን ካርታ ላይ ፈልጋ ታሳያቸው፤ እርሳቸውም ስለዚያ አገር የሚያውቁትን ያውጓት። ከዚያ ተራው ይዙር፦ ድምፅ ቀድቶ መላክን ልጅቷ ታስተምራቸው። በእኛ እምነት ዋናው ይህ ነው፤ ለአያቷ ለማስረዳት የምትፈልገውን ቃል ለፈተና ከምታጠናው ይልቅ ትይዘዋለች።

ሰዓቱም ይታሰብበት። አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በክረምታቸው በ8፣ በበጋቸው በ7 ሰዓት ይቀድማል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አያቶች ተኝተዋል፤ የቅዳሜ ጠዋት ግን ለሁለቱም ይመቻል።

በየከተማው አማርኛ የምታስተምሩ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት፣ የቤት ሥራውን ልጅ ብቻውን እንዲሠራው አታድርጉት። በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ አያት ብቻ የሚመልሱት ይሁን፤ ለእርሳቸውም በድምፅ ይላክላቸው። የዘመን መለወጫ ሲደርስ ደግሞ የተሰበሰቡትን ተረቶችና የቤተሰብ ታሪኮች ልጆቹ ራሳቸው በፊደል ጽፈው ለአያቶቻቸው ያንብቡላቸው።